የዓይን ሞራ እና የዓይን ሕክምና በወሎ

ወሎ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ዓይኔ እየደከመ ነው» ሲሉ ከቤተሰብ የሚያገኙት መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «አብሽሩ አባባ፣ ዕድሜ ነው።» ክፋት የለበትም፣ ማጽናናት ነው። ግን ይቺ ማጽናኛ ብዙ ሰው ሊታከም በሚችል ጨለማ ውስጥ ለዓመታት አስቀምጣለች። በአገራችን ሰው ዓይነ ስውር ከሚሆንባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው የዓይን ሞራ ነው። በቀላሉ ከሚድኑትም ቀዳሚው እሱ ነው።

ሞራው ምንድን ነው?

ከዓይናችን ብሌን ጀርባ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥርት ያለ ሌንስ አለ። የተሠራው ከውሃና ከፕሮቲን ነው። እንቁላል ሲቀቀል ነጩ እንደሚደፈርሰው፣ የሌንሱም ፕሮቲን ከጊዜ ጋር እየተጣበቀ ይደፈርሳል። የዓይን ሞራ ወይም ካታራክት የሚባለው ይሄ ነው። ሰው እንደሚያስበው ከዓይን ውጭ የበቀለ ቆዳ አይደለም። ስለዚህ ተልጦ ወይም ታጥቦ አይለቅም።

አያምም። አይቀላም፣ አያሳክክም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው ሌሊቱን አይተኛም፣ ጠዋት መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። ሞራ ግን ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ጉም ጉም ይላል። ፀሐይ ላይ ይብሳል፣ የመኪና መብራት ይበተናል፣ ቀለም ይደበዝዛል። እናት ምስር ውስጥ ያለ ጠጠር መልቀም ያቅታታል፣ መርፌ መስካት ለልጅ ይሰጣል። አባት ገበያ ላይ የመቶ ብሩን ከሁለት መቶው መለየት ያዳግተዋል። ቁልቁለቱን ሲወርድ እግሩ ይስታል። በመጨረሻ የቀረው ብርሃንና ጥላ ብቻ ይሆናል፤ ብሌኑም ነጥቶ ለተመልካች ይታያል።

ዋናው መነሻ ዕድሜ ነው። ከዚያ ውጭ የስኳር በሽታ፣ የዓይን ውስጥ ብግነትና አደጋ አሉ። አደጋ ሲባል ገበሬ አገር ላይ ብዙ ዓይነት ነው፤ እንጨት ሲፈለጥ የሚፈናጠር ስንጥር፣ የእሾህ ውጊያ፣ የበሬ ቀንድ፣ የልጆች ድንጋይ ውርወራ። ሌላም ሰው የማይጠረጥረው ምክንያት አለ። ዓይናቸውን የሚያሳክካቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ወላጅ ፋርማሲ ሄዶ ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ያለበት ጠብታ ያለ ማዘዣ ይገዛል። ማሳከኩ ወዲያው ይቆማል። ጠብታው ጥሩ ነው ተብሎ ለወራት፣ ለዓመታት ይቀጥላል። ይህ መድኃኒት ያለ ክትትል ሲቆይ ግን ሞራም፣ የዓይንን ነርቭ የሚገድለውን ግላኮማንም ያመጣል። የአስራ ምናምን ዓመት ልጅ በሞራ ሲታወር ከጀርባው ይሄ ታሪክ ሊኖር ይችላል።

አብሮ የሚወለድ ሞራም አለ። የሕፃን ብሌን ነጥቶ ከታየ አንድ ሳምንትም መቆየት የለበትም። የሕፃን አእምሮ ማየትን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ነው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሞራው ቢወጣ እንኳ ዕይታው ሙሉ ሆኖ አይመለስም። «ሲያድግ ይታከማል» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ጥፋት ነው። ደግሞ ሕፃን እንደ አዋቂ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ ቀዶ ሕክምና ስለማይደረግለት፣ ሙሉ ማደንዘዣና የሰለጠነ ቡድን ያለበት ትልቅ ማዕከል ያስፈልገዋል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት፣ የዕይታ መቀነስና የትራኮማ ጥናት የተደረገው በ1998 ዓ.ም ነው። ቢያረጅም አሁንም መነሻ የሚሆነው እሱ ነው። ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የቀነሰ ነበር። ከዓይነ ስውሮቹ 49.9 በመቶውን ያሳወረው ሞራ ነው። በትራኮማ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ በግላኮማ 5.2 በመቶ ታውረዋል። በጠቅላላው 87.4 በመቶ የሚሆነው ሊከላከሉት ወይም ሊያክሙት የሚቻል ነበር። እዚህ ላይ ዓይነ ስውር የተባለው ምንም የማያይ ሰው ብቻ አይደለም። ጤነኛ ዓይን ከ60 ሜትር የሚለየውን፣ በተሻለው ዓይኑ ከ3 ሜትር ላይ እንኳ መለየት ያልቻለ ማለት ነው።

ወደ ወሎ እናምጣው። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ደቡብ ወሎ 2.5 ሚሊዮን፣ ሰሜን ወሎ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራቸው። በአገር አቀፉ መጠን ብናሰላው በሁለቱ ዞኖች 64 ሺህ ያህል ዓይነ ስውር፣ ከነሱም 32 ሺህ ያህሉ በሞራ ይሆናል። ግምት ነው እንጂ ቆጠራ አይደለም። ግን የችግሩን ልክ ያሳያል። እነዚህ ሰዎች ታክመው ቢያልቁ እንኳ ነገሩ አያልቅም። ሰው ያረጃል፣ በየዓመቱ አዲስ ሞራ ይመጣል። ይህን ልብ ያላለ ሰው «ባለፈው ዘመቻ ተሠርቶ የለም ወይ?» ይላል።

ቦሩ ሜዳ እና ሌሎቹ

በወሎ ስለ ዓይን ከተወራ ቦሩ ሜዳ ሳይነሳ አይቀርም። ታሪክ የሚያውቅ ሰው ስሙን የሚያገናኘው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም ካካሄዱት የሃይማኖት ጉባኤ ጋር ነው። ለገጠሩ ሕመምተኛ ግን ቦሩ ሜዳ ማለት ሆስፒታል ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ የሚገኘው ይህ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በሥጋ ደዌ፣ በቆዳና በዓይን ሕክምና ስም ያተረፈ ነው። ደሴ፣ ወልዲያና ላሊበላም ሆስፒታሎች አሏቸው። ከነሱ በታች የወረዳ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች፣ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች አሉ።

ካርታ ላይ ሲታይ ቅርብ ይመስላል። ወሎን የሚያውቅ ግን ይስቃል። ከመካነ ሰላም ደሴ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደላንታ ሰፊ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ዙሪያውን በገደልና በበሽሎ ሸለቆ ተከቧል። ከአንዱ ቀበሌ እስከ መኪና መንገድ ድረስ ግማሽ ቀን ቁልቁለትና ዳገት ሊሆን ይችላል። ዓይኑ ለሚያየው ሰው ይሄ ድካም ነው። ለማያየው ግን የሚመራው ሰው ካላገኘ ጭራሽ የማይሞከር ነው። ከዚያ አይሱዙ ወይም ሚኒባስ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ አልጋ። ሁሉም በሁለት ይባዛል፤ ታካሚው ከነመሪው ነው የሚሄደው።

መሪው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። የልጅ ልጅ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ትምህርት ላይ ያለ። አንድ አያት ሲታወሩ ቤቱ የሚያጣው የሁለት ሰው ጉልበት ነው። ስለ ሞራ ሕክምና ወጪ ሲወራ ይሄ ሂሳብ ውስጥ ሲገባ አላይም፤ መግባት ነበረበት።

ባለሙያው ደግሞ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ የዓይን ስፔሻሊስቶች የሚገኙት አዲስ አበባና ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው። ይህን ለማቃለል አገሪቱ ነርሶችን መርጣ የሞራ ቀዶ ሕክምና ታሰለጥናለች፤ የካታራክት ሰርጀን ይባላሉ። ትራኮማ ለሚያመጣው የሽፋሽፍት መቀልበስ ቀዶ ሕክምናም እንዲሁ ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶች ይሰለጥናሉ። «ዶክተር ካልሆነ አልነካም» የሚል ታካሚ አለ። ነገር ግን በደንብ የሰለጠነና በየሳምንቱ የሚሠራ ነርስ፣ በዓመት አንዴ ከሚመጣ ፕሮፌሰር ይልቅ ለወረዳው ይጠቅማል ባይ ነኝ።

ለምን ይዘገያሉ?

ርቀቱና ገንዘቡ አንድ ነገር ነው። ፍርሃቱ ሌላ። «ዓይን ተጎልጉሎ ወጥቶ፣ ታጥቦ ይመለሳል» የሚል ወሬ ከገበያ ገበያ ይዞራል። አይወጣም። ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሌላው «ሞራው ይብሰል» የሚለው ነው። ይሄ በድሮው የቀዶ ሕክምና ዘዴ ጊዜ ሐኪሞች ራሳቸው ይሉት የነበረ ምክር ስለሆነ በሕዝቡ ላይ መፍረድ አይቻልም። ዛሬ ግን አይሠራም። ዕይታው ሥራ የሚያሳጣ ደረጃ ከደረሰ በቂ ነው። እንዲያውም ከልክ በላይ የቆየ ሞራ ይጠነክራል፣ ያብጣል፣ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ቀዶ ሕክምናውንም ያከብደዋል።

ከዚያ የባህል መድኃኒቱ አለ። የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ ይንጠባጠባል፣ ከቅንድብ በላይ ይበጣል። ሞራውን አይነካውም። ጭማቂው ግን ኢንፌክሽን አምጥቶ የዓይኑን የፊት መስታወት ሊያነጣው ወይም ጠባሳ ሊጥልበት ይችላል። ያኔ ሊድን የነበረው ዓይን የማይድን ይሆናል።

ጠበል የሚጠመቁ፣ ዱዓ የሚያስደርጉም ብዙ ናቸው። ወሎ ነውና አንዳንዱ ሁለቱንም ይሞክራል። እምነቱን ከሕክምናው ጋር ማጣላት አያስፈልግም፤ ማጣላት የፈለገ የጤና ባለሙያም ተሸናፊ ነው። ቄሱ እሁድ፣ ሼሁ ጁምዓ ላይ «ሆስፒታል ሂዱ፣ ፈጣሪ በሐኪም እጅም ያድናል» ካሉ ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል። የቅሬ፣ ማለትም የወሎ ዕድር፣ ዳኞችም እንደዛው። ቅሬው ለቀብር ብቻ አይሰበሰብም፤ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ ዳር የሚያደርስ እሱ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ታክሞ የተመለሰ ጎረቤት ነው። አንድ ሰው አይቶ ሲመጣ ሦስት አራት ሰው ያስነሳል። አንድ ሰው ሳይሳካለት ሲመለስም እንዲሁ አንድ መንደር ያስቀራል።

ሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። በዕድሜ ብዙ ይቆያሉ፣ ሞራ ይበዛባቸዋል፣ ሕክምና ላይ ግን ያንሳሉ። የበሬው ሽያጭ ብር ያለው አባት ዘንድ ነው። «እማማ ቤት ውስጥ ናቸው፣ ምን ቸገራቸው?» ይባላል። ምድጃ ላይ እጃቸውን እየተቃጠሉ።

ቀዶ ሕክምናው

ሞራን የሚያጠፋ ጠብታም ኪኒንም የለም። ያለው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። መጀመሪያ ዓይኑ ይመረመራል፣ ግፊቱ ይለካል፣ የሚገባው ሌንስ ቁጥር ይወሰናል። ስኳርና የደም ግፊትም ይታያል። ከዚያ በዓይን ዙሪያ ማደንዘዣ ይወጋል። ሰውዬው ነቅቷል፣ ድምፅ ይሰማል፣ ሕመም ግን አይሰማውም። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ነጩ የዓይን ክፍል ላይ ትንሽ መሿለኪያ ይከፍታል። በዚያ የደፈረሰውን ሌንስ ያወጣና በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። መሿለኪያው በራሱ ስለሚገጥም አብዛኛውን ጊዜ ስፌት አይፈልግም። እጁ የለመደ ሐኪም ይህን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል።

ይህ ዘዴ ለእንደኛ አገር ተስማሚ የሆነው ውድ ማሽን ስለማይፈልግ ነው። ሌንሱም ረክሷል። ድሮ አንዱ ከ100 ዶላር በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 በደቡብ ሕንድ ማዱራይ፣ ከዚያም በኔፓል ካትማንዱና በኤርትራ አስመራ ፋብሪካ ተከፍቶ ሌንስ መመረት ሲጀምር ዋጋው ወደ 10 ዶላርና ከዚያም በታች ወረደ። የአስመራውንና የካትማንዱውን ያነሳሳው አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ፍሬድ ሆሎውስ ነው። ኤርትራን ያየው ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ነበር።

ወሎ ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ ትራኮማ። በ1998ቱ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በ«ማልትራ ሳምንት»፣ በወባና በትራኮማ ዘመቻው፣ መድኃኒት ሲታደል የሚያስታውስ ብዙ ነው። የድሮው ትራኮማ ግን ትልልቆቹ ላይ ጠባሳውን ትቷል። የዓይን ሽፋን ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፣ ፀጉሩ ዓይኑን እየፋቀ ያቆስላል፣ እናቶች በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሞራም ካለው መጀመሪያ ሽፋኑ ይስተካከላል፣ ሞራው ቀጥሎ ነው። አለበለዚያ ኢንፌክሽን ይገባል። ለታካሚው ይሄ ማለት ሁለት ጉዞ ነው። «ሞራዬን ልታወጡ ጠርታችሁኝ ሽፋኔን ሠርታችሁ ሰደዳችሁኝ» ብሎ የሚቆጣ ቢኖር አይፈረድበትም። ቀድሞ ማስረዳት የባለሙያው ድርሻ ነው።

ዘመቻ ወይስ ቋሚ አገልግሎት?

አብዛኛው ገጠሬ የሞራ ሕክምናን የሚያውቀው በዘመቻ ነው። ወሬው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይደርሳል። ሰው ይሰበሰባል፣ ይለያል፣ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ዓይን ከላዩ ምልክት ይደረግበታል። ጠረጴዛዎቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ እልልታው ይቀልጣል። ካሜራም አይጠፋም።

ዘመቻን ማንኳሰስ አይቻልም። በቀናት ውስጥ መቶዎችን ያበራል፣ ነፃ ነው። ግን ለእኔ ጎዶሎው ይበልጥ ይታየኛል። ዘመቻው የሚመጣው በራሱ ጊዜ እንጂ በታካሚው ጊዜ አይደለም። አጨዳ ላይ ከዋለ ገበሬው አይመጣም። ብዙ ጊዜ አንድ ዓይን ይሠራና ሁለተኛው ለሚቀጥለው ይባላል፤ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ከሳምንት በኋላ ዓይኑ ቢቀላና ቢያመው ቡድኑ ሄዷል። ያን ጊዜ ዓይኑን የሚያየው ቅርብ ያለ ሰው ካልኖረ ድካሙ ሁሉ ገደል ይገባል።

ካሜራው የማያነሳቸው ሰዎችም አሉ። ሞራ መስሏቸው አዝግመው ሲመጡ «ይሄ ግላኮማ ነው» የሚባሉት። ግላኮማ የዓይንን ነርቭ ይገድላል፣ የሞተው አይመለስም። ሕመም ሳያሰማ ዕይታውን ከዳር ወደ መሐል እያጠበበ ይሄዳል። ቀድሞ ቢታወቅ በጠብታ ወይም በቀዶ ሕክምና ባለበት ይያዝ ነበር። እንግዲህ ይህን የሚለየው በየጊዜው የዓይን ግፊት የሚለካ ቋሚ ክፍል ነው እንጂ የሦስት ቀን ዘመቻ አይደለም።

ወጪውን በተመለከተ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አንድ መውጫ ነው። በ2003 ዓ.ም በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ የደቡብ ወሎው ተሁለደሬ ነበር። መድኅኑ የሚሠራው ግን በሪፈር ነው። ከጤና ጣቢያ ወረቀት ሳይዙ በቀጥታ ደሴ የገቡ ሰዎች ከኪሳቸው ይከፍላሉ። መድኅኑ የመጓጓዣና የአልጋ ብር አይሸፍንም፤ ብዙውን ሰው የሚያስቀረው ደግሞ እሱ ነው።

ጦርነቱም አለ። በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም ወልዲያ፣ ላሊበላ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ በወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ። አልጋና ፍራሽ ይተካል። የዓይን ማይክሮስኮፕ ግን ቶሎ አይተካም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ ያለው ግጭትም መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ይዘጋል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

ታካሚው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሚሰጠው ጠብታ ለሳምንታት ይቀጥላል፤ «አየሁ» ብሎ ማቆም ስህተት ነው። ዓይንን ማሸት፣ ከባድ መሸከም፣ ውኃ ማስገባት ክልክል ነው። ጭስና የውቂያ እብቅም እንዲሁ። ወሎ ላይ ሁሌ የሚነሳው ጥያቄ ስግደትና ሶላት ነው። ለጊዜው ግንባርን መሬት ሳያስነኩ፣ ተቀምጦ መስገድ ይመከራል። ሁለቱም ሃይማኖት ለበሽተኛ መላ ስላለው ቄሱን ወይም ሼሁን መጠየቅ ነው። ዓይኑ ካመመ፣ ከቀላ ወይም ዕይታው ድንገት ከቀነሰ ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም፣ በዚያው ቀን መመለስ ነው።

አዲሱ ሌንስ እንደ ልጅነት ሌንስ ራሱን አያስተካክልም። ስለዚህ ለንባብ፣ ለመርፌና ለምስር ለቀማ መነጽር ሊያስፈልግ ይችላል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ዕይታው እንደገና ቢደበዝዝ «ሞራው ተመለሰ» ይባላል። ሞራ አይመለስም። ሌንሱን የያዘው ስስ ሽፋን ነው የሚደፈርሰው። እሱን ደግሞ የሌዘር ማሽን ባለበት ማዕከል ያለ ቢላ፣ በጥቂት ደቂቃ ይከፍቱታል።